ከደብዳቤው ግርጌ ያለው ቁጥር

መስከረም 14 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? ሙሽሪትስ እንዴት ናት? ካገባሃት ሃያ ዓመት ቢሞላም ለእኔ ያው ሙሽሪት ናት። እኔ ከናፍቆትህና ከቀኝ ትከሻዬ በስተቀር ደህና ነኝ። ናፍቆቱን ለምጄዋለሁ። ትከሻው ግን ሊለመድ አልቻለም።

የእጅ ጽሑፌ ለምን እንደተንጋደደ ጠይቀኸኛል። ሰንፌ አይደለም። ክንዴን ጠረጴዛው ላይ አስደግፌ፣ ወረቀቱን በግራ እጄ እየሳብኩ ነው የምጽፈው። ብርድ መትቶሽ ይሆናል ላልከውም፣ ብርድ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ይለቀኝ ነበር። ከጀመረኝ እኮ ዓመት አልፎታል። መጀመሪያ ጠዋት ስነሣ ብቻ ይወጋኝ ነበር፣ ከዚያ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ፣ አሁን ጸጉሬን ሳበጥርና ከመደርደሪያ ላይ ጨው ሳወርድ ሁሉ ሆኗል። በቀኝ ጎኔ መተኛት ካቆምኩ ሦስት ወሬ ነው። ክፍል ውስጥ የምጽፈው በሰሌዳው የታችኛው ግማሽ ላይ ብቻ ስለሆነ የኋላ ወንበር ተማሪዎች ቆመው ይገለብጣሉ። ርዕሰ መምህሩ አንድ ቀን በመስኮት አይቶ «መምህርት፣ የላይኛውን ለማን ነው ያስቀመጥሽው?» አለኝ። ሳቅሁለት። ግን ያ ሰውዬ በመስኮት ያለ ምክንያት አያይም፤ የሆነ ነገር እያሰበልኝ ነው።

በመጨረሻ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። «በቀን ስንት ጊዜ ነው ብረት ላይ ተንጠልጥለሽ ራስሽን የምትስቢው?» አለኝ።

«እያረፍኩ፣ ጠዋት መቶ፣ ማታ መቶ።»

«በሳምንት ስንት ቀን?»

«ሳምንት ስንት ቀን አለው?» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠና ለስንት ዓመት እንደሆነ ጠየቀኝ። አባባ ጓሮ ካሉት ሁለት ዛፎች መሃል ያንን የውኃ ቧንቧ ካጋደመልን ጀምሮ፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው አልኩት። ስለ ደብዳቤያችን ቁጥርም ነገርኩት። «እንግዲህ ወንድምሽ ስንት ጊዜ እንደወጣ በየደብዳቤው ግርጌ ይጽፍልሻል፣ አንቺ ደግሞ እሱን ለማለፍ ትሠሪያለሽ?» አለኝ። አዎ ስለው እንደ ጥፋተኛ አየኝ። ጅማትሽ ተበልቷል፣ ሁሉንም አቁሚ ነው ያለኝ። አላመንኩትም። ሁሉንም አቁሚ የሚል ሰው ራሱ አንዴም ሞክሮ የማያውቅ ነው፤ ሆዱን ብታየው ትስማማ ነበር።

ስለዚህ የማምነውን ሰው ልጠይቅ። አንተ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለህ፣ እንደ እኔው በቀን ሁለቴ ትሠራለህ፣ ከእኔም የበለጠ ትወጣለህ። እንዲህ ያለ ነገር ይዞህ ያውቃል? ከያዘህስ በምን ለቀቀህ? ከአባባ ቀብር ወዲህ ሰባት ዓመት ስላልተያየን ፊት ለፊት ልጠይቅህ አልቻልኩም። የማደርገው አንተ በምትለኝ ላይ ነውና ደህና አድርገህ አስበህ ጻፍልኝ።

በአባባ ደንብ፣ በአንድ ጊዜ ሳላርፍ፣ አገጭ ከብረቱ በላይ፣ እግር መሬት ሳይነካ፦ ዐሥራ ዘጠኝ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ጥርሴን ነክሼ ነው።

እህትህ ጉንዳኗ


ጥቅምት 6 ቀን

ለጉንዳኗ፤

ደብዳቤሽን ሱቁ ውስጥ፣ አንድ ሆዱ የተዘረገፈ ሬዲዮ ፊቴ አስቀምጬ አነበብኩት። ባለቤቱ ሲመጣ «ዛሬም አልደረሰም?» ብሎ ተቆጣ። በአንቺ ምክንያት ደንበኛ ላጣ ነው። የሐኪሙ ሆድ ግን አስቆኛል። አንቺ ሰው አይተሽ የምትምሪው መቼ ይሆን?

የትከሻሽን ነገር በጣም አታክብጂው። አዎ፣ እኔንም ይዞኝ ነበር፤ ስድስት ዓመት ይሆነዋል። ሌሊት ሌሊት እንቅልፍ ይነሣኝ ነበር። ሠርቼ አለፍኩት። ሰውነት ሲለግም ነው እንዲህ የሚሆነው። መጀመሪያ በደንብ አሙቂው፣ ከዚያ ሳትፈሪ ሥሪበት፣ ይለቅሻል። እኔን ለቆኛል።

የምሰሶ ሥራውን ለምን እንደተውኩ ሙሽሪትን በስልክ ጠይቀሻታል አሉ። ለምን እኔን አትጠይቂኝም? መሰላል ተሸክሞ የመብራት ሽቦ መዘርጋት የወጣት ሥራ ነው። አሁን ጥላ ውስጥ ቁጭ ብዬ ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ፣ ዝናብ አይመታኝ፣ ፀሐይ አያገኘኝ። ከዚህ የተለየ ምክንያት የለውም። አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር ስታሸቺ ነው ያደግሽው።

ለምን አትመጣም ላልሽው፣ ሱቁን ለማን ጥዬ? ለከርሞ እናያለን።

ሙሽሪት ሰላም ብላሻለች። የላክሽው ሹራብ ደርሷል፣ ቀለሙን ወድጄዋለሁ።

ሃያ አንድ።

ወንድምሽ


ኅዳር 20 ቀን

ጋሼ፤

ጤና ይስጥልኝ። ሰላምታዬ አጭር ነው፣ ምክንያቱም አኩርፌያለሁ፤ በማን እንዳኮረፍኩ ግን ገና አላወቅሁም።

እንዳልከኝ አደረግሁ። አሞቅሁት፣ ሳልፈራም ሠራሁበት። ለሁለት ሳምንት የቀለለኝ መሰለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ሃያ ልሞላ ስል ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለ። ከውስጥ ነው የሰማሁት፣ በጆሮዬ አይደለም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ እጄን ታቅፌ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ ትምህርት ቤት ሄድኩ። እንዴት እንደሄድኩ አትጠይቀኝ።

ዶክተሩ በመሣሪያ አሳየኝ። ጅማቱ ግማሹ ተቀዷል። አሁን ከተሰፋ ይዳን ይሆናል። ከቆየና ጨርሶ ከተበጠሰ ግን ጫፉ ወደ ውስጥ ሸሽቶ የሚሰፋ ነገር አይገኝም፣ ክንድሽም ከደረትሽ በላይ አይነሣም አለኝ። ሰሌዳ የለም ማለት ነው። መምህርነት የለም ማለት ነው። ለየካቲት 20 ተራ ይዞልኛል። ያን ቀን ካልፈረምኩ ተራው ለሌላ ይሰጣል፣ የሚቀጥለው ከዓመት በኋላ ነው። ላስብበት ብዬው ወጣሁ። ያላስፈረመኝ የአንተ ነገር ነው፤ አንተ ያለ ቢላ አልፈኸዋልና።

አሁን ወደ ሌላ ነገር ልምጣ። ሙሽሪት ስለ ሹራቡ ለብቻዋ ጽፋ አመስግናኛለች። እግረ መንገዷንም «ለከርሞ ግን ፊቱ ተከፍቶ በአዝራር የሚዘጋ ብታደርጊለት» ትላለች። አዝራር? አንተ አዝራር ስትቆልፍ ትዕግሥትህ የሚያልቅ ሰውዬ? እኔ ራሴ ከሐምሌ ወዲህ በጭንቅላት የሚገባ ልብስ አልለብስም። እጅ ወደ ላይ ካልተነሣ ሹራብ እንዴት ገብቶ እንዴት እንደሚወጣ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። አንተን ምን አገኘህ?

ከደብዳቤዋ ጋር አንድ ፎቶ ልካለች፤ የጎረቤቶቻችሁ የልጅ ምርቃት ላይ የተነሣችሁት። ሁሉም ሁለት ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ ይስቃል። አንተም ትስቃለህ። እጆችህ ግን ታች ናቸው። ለምን?

ደወልኩ። ሙሽሪት አንሥታ «ገበያ ወጥቷል» አለችኝ። ከኋላዋ ስታስል ሰማሁህ። ያንተን ሳል አላውቀውም ብለህ ነው?

ሃያ። ጧ ያለኝ ሃያኛው ላይ ነው።

እህትህ


ታኅሣሥ 15 ቀን

ለጉንዳኗ እህቴ፤

መጀመሪያ እግዜር ይማርሽ። ሁለተኛ፣ እባክሽ አታልቅሺ። ወለል ላይ ቁጭ ብለሽ ማልቀስሽን ካነበብኩ ጀምሮ ምግብ አልበላ ብሎኛል።

ለአንድ ወር ብረቱን ተይው። እኔ ሥሪበት ያልኩሽ እንዲህ እስኪሆን አልነበረም። ስለ ቢላው ግን አትቸኩዪ። ሐኪም የሚያውቀው መክፈት ነው። ትንሽ ጠብቂ፣ እናያለን፣ ሰውነት ራሱን ይጠግናል። ደግሞ እኔ የምለውን ብቻ አትስሚ፣ ሌላ ሐኪምም ጠይቂ። ምን እንደምልሽ አላውቅም።

መርማሪ ሆነሻል እንዴ? አዝራሩ ሱቁ ውስጥ ስለሚሞቅ ነው፤ ቶሎ ቶሎ እከፍተዋለሁ፣ እዘጋዋለሁ። ፎቶው ላይ ደግሞ የሱቅ ቁልፍ በእጄ ይዤ ነበር፣ ለዚያ ነው ያላነሣሁት። ሳሉም የእኔ አይደለም፤ ቤት የመጣ እንግዳ ነው። ሙሽሪትን በነገር አትወጥሪያት፣ ሆደ ባሻ ናት፣ በአንቺ ጥያቄ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

ልጽፍልሽ ያሰብኩት ሌላ ነገር ነበር። ሁለቴ ጀምሬ ቀደድኩት። ከዚያ አንድ ሰውዬ ቴሌቪዥን ተሸክሞ መጣና አቋረጠኝ። ሌላ ጊዜ።

ሃያ ሁለት።

ወንድምሽ


ጥር 5 ቀን

ለማከብርህና ለምወድህ ጋሼ፤

እንዴት ከረምክ? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ምን ያህል ደህና እንደሆንኩ ብታይ ትደነቃለህ።

ከኅዳር ጀምሬ፣ አንተም እንዳልከኝ፣ አንድ ወር ሙሉ ተውኩት፣ ከዚያ ቀስ ብዬ አሙቄ ጀመርኩ። ትከሻዬ እንደ ድሮው ሆነልኝ። ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች እጽፍበታለሁ። ርዕሰ መምህሩ በመስኮት አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ዶክተሩ ምን ያውቃል! ቢላም አያስፈልገኝ፣ የየካቲት ተራዬንም ለሌላ ሰው ልሰጠው ነው። አንተ ባትኖር ኖሮ በከንቱ ይቀዱኝ ነበር። ስለ አዝራሩና ስለ ፎቶው የነዘነዝኩህን ሁሉ ይቅር በለኝ። ሙሽሪትንም ይቅርታ ጠይቅልኝ።

ቁጥሬን ስታይ ወንበርህን ያዝ። አርባ። አዎ፣ በአንድ ጊዜ፣ እግሬ መሬት ሳይነካ።

ታማኝ እህትህ ጉንዳኗ


ጥር 22 ቀን

ለአንበሳዋ፤

አልኩሽ አይደል? አልኩሽ አይደል እኔ? ደብዳቤሽን ይዤ ስጮኽ ሙሽሪት ከጓዳ ሮጣ ወጣች። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ከኅዳር ወዲህ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ ዛሬ ወረደልኝ። እህቴ ደህና ሆነችልኝ። ሌላ ምን እፈልጋለሁ?

አርባ! አባባ ቢሰማ መቃብሩ ውስጥ ቁጭ ይል ነበር። እሱ በጉልምስናው እንኳ ሠላሳ አልሞላም። ትልቅ ወንድምሽን ልትጥዪው ምንም አልቀረሽም፤ ግን ገና ነሽ። እኔም ሰሞኑን እንደ ልጅነቴ ሆኛለሁ፤ አየሩ ነው መሰለኝ።

ስለ ይቅርታው አታስቢ። ሁሉም አልፏል። አዝራር ያለውን ሹራብ ግን አትርሺ፣ የሱቁ ሙቀት ብሶበታል።

አርባ ሁለት።

ወንድምሽ


የካቲት 2 ቀን

አንተ፤

ሰላምታ የለኝም።

ከኅዳር 21 ጀምሮ ቀኝ እጄ በጨርቅ አንገቴ ላይ ታስሮ ነው ያለው። የምፈታው ለመጻፍና ለመታጠብ ብቻ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ብረቱን በጣቴ አልነካሁም። አርባ የሚባል ነገር የለም። አርባ በቤታችን ማንም ወጥቶ አያውቅም፣ ይህንንም ራስህ ጽፈኸዋል። አርባ ብዬ የጻፍኩልህ ምን እንደምትል ለማየት ነው። ሌሊቱን ሁሉ «ውሸታም፣ እህቴ፣ ምን ነክቶሽ ነው?» ብለህ በጻፍክልኝ እያልኩ ስጸልይ ነበር። አንተ አርባ ሁለት አልክ።

ደብዳቤዎችህን አልጋዬ ላይ በቀን በቀናቸው ደረደርኳቸው። ከስድስት ዓመት ወዲህ ያሉት ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ከእኔ በሁለት ይበልጣሉ። ዐሥራ አራት ስልህ ዐሥራ ስድስት፣ ዐሥራ ሰባት ስልህ ዐሥራ ዘጠኝ። ከዚያ በፊት ያሉት ግን ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። አንዴ ትበልጠኛለህ፣ አንዴ አሸንፍሃለሁ፣ ጉንፋን ይዞኝ ምንም አልወጣሁም ያልክበትም አለ። የሚሠራ ሰው ቁጥር እንደዚያ ነው። አርባውን ከመጻፌ በፊት ይህን አይቼዋለሁ። ግን ዓይኔን ማመን አልፈለግሁም፣ አንድ ዕድል ልስጠው አልኩ።

ፎቶውንም በማጉያ መነጽር አየሁት። እጅህ ላይ ቁልፍ የለም። እጅህ ባዶ ነው።

አሁን ስድስት ዓመት ሙሉ ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ። በትኩሳት ተንጠልጥያለሁ። በእንቅልፍ ሰዓቴ ተነሥቼ ተንጠልጥያለሁ። ትከሻዬ ሲያመኝ «ጋሼ በአምስት ዓመት እየበለጠኝ ሃያ ወጥቷል፣ እኔ ምን ነካኝ?» እያልኩ ራሴን ሰድቤያለሁ። የማሳድደው ሰው አልነበረም? ይህን አንብበህ ምን ይሰማሃል? በእውነት ማወቅ እፈልጋለሁ።

የካቲት 20 ደርሷል። ልፈርም ወይስ ልተወው? አሁንም አላውቅም፤ ቢላው ያስፈራኛል። ያለ ቢላ አልፌዋለሁ ያልከኝ አንተ ነህ። እንዴት አለፍከው? አልፈኸዋል ወይ? በስልክ እንዳትሞክረኝ፣ አላነሣም። በስልክ ስትሆን ትስቃለህ፣ ከሳቅህ ውስጥ ምንም ነገር ለይቼ ማውጣት አልችልም። በወረቀት ነው የዋሸኸኝ፣ በወረቀት ንገረኝ።


የካቲት 13 ቀን

እህቴ፤

ደብዳቤሽ ዛሬ ጠዋት ደረሰኝ። ዐሥራ አንድ ጊዜ ደወልኩ። አላነሣም ብለሻል፣ አላነሣሽም። ይህን ወደ እናንተ በሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር እጅ እልከዋለሁ፣ ከፖስታ ይፈጥናል ብለውኛል። ስለዚህ ዋናውን አስቀድሜ ልጻፍ፦ ፈርሚ። ሌላውን ባታነቢውም ፈርሚ።

እኔ አላለፍኩትም። ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ይሆነዋል፤ እንደ አንቺው መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት፣ ከዚያ ሌሊትም ይወጋኝ ጀመር። ለማንም ሳልናገር መንፈቅ ሙሉ በላዩ ላይ ሠራሁ። አንድ ቀን መሰላል ላይ ሆኜ፣ ሁለት እጄ ሽቦው ላይ እያለ፣ ቀኙ ወረደ። እኔ አላወረድኩትም፣ ራሱ ወረደ። ሐኪሙ ከፍቶ አየና ዘጋው። ጅማቱ ሸሽቷል፣ ዘግይተሃል አለኝ። ያንቺው ሐኪም የነገረሽን ቃል በቃል ነው የነገረኝ፤ ኅዳር ላይ ስትጽፊልኝ እጄ ላይ ያለው መበየጃ መሬት ወደቀ። እንደዚያም ሆኖ አትቸኩዪ ብዬ ጻፍኩልሽ። ፈርሚ ካልኩሽ ከየት አወቅህ ትይኝ ነበር።

ቀኜ ከጡቴ በላይ አይነሣም። ግራዬ እስከ ጆሮዬ ይመጣል፣ ከዚያ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ሹራብ የምታለብሰኝ ሙሽሪት ናት። ጸጉሬን የምታጥበኝም እሷ ናት። ቤታችን አምፖል ሲቃጠል ጎረቤት እጠራለሁ፤ ስንት መንደር መብራት ያስገባሁ ሰውዬ ከታች ቆሜ «ወደ ቀኝ አዙረው» እላለሁ። ሙሽሪትን አትቀየሚያት። ንገራት እያለች ስትለምነኝ ኖራለች፤ አዝራሩንም ሆን ብላ ነው የጻፈችልሽ፣ ዛሬ ነገረችኝ።

ያልመጣሁትም ለዚህ ነው። ልታቅፊኝ ስትመጪ ታውቂዋለሽ ብዬ ነው።

ቁጥሩን ለምን እንደጻፍኩ ጠይቀሻል። አባባ ከሞተ በኋላ «የአንተን ቁጥር ሳይ ነው ጠዋት ከአልጋ የምነሣው» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። ያንን ልነሣሽ አልቻልኩም። መጀመሪያ ለአንድ ደብዳቤ ብቻ ነበር፣ እስክትጽናኚ። ከዚያ መመለሻው ጠፋኝ። ሌላም አለ፣ እጽፈዋለሁ፤ ትንሿ እህቴ እንድትበልጠኝ አልፈለግሁም። እጄ ሞቶም ቢሆን። ሁለት የምጨምረው ለዚህ ነው። ከዚህ በላይ የሚያሳፍር ነገር የለኝም።

ምን ይሰማሃል ላልሽው፣ ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሱቁን ዘግቼ ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። እንደ አንቺ።

ፈርሚ።

ወንድምሽ


መጋቢት 24 ቀን

ጋሼ፤

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ይህን አንድ ወረቀት ለመጨረስ አራት ቀን ፈጅቶብኛል፣ ስለዚህ ጽሑፉን አትተች።

ደብዳቤህ የደረሰኝ የካቲት 23 ነው። ሹፌሩ መንገድ ላይ መኪናው ተበላሽቶበት ስምንት ቀን ቆሞ ነበር አለኝ። ይህንንም ጋራዡ ድረስ ደውዬ አጣርቻለሁ፤ እውነቱን ነው። እኔ ግን 20 ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፈርሜ ነበር። አንተን ሳልጠብቅ። መዝገቡ ፊት ቆሜ እስክሪብቶውን ስይዝ «ጋሼ ምን ይል ይሆን?» አልኩ፣ ከዚያ አርባ ሁለት ትዝ አለኝና ፈረምኩ። በሕይወቴ አንተን ሳልጠይቅ ያደረግሁት የመጀመሪያው ትልቅ ነገር ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ ብቻዬን ሆንኩ።

ቀዶ ጥገናው ሦስት ሰዓት ፈጀ። ቀዳዳው ከጠበቁት በላይ ሰፊ ነበር። ጫፉ ግን ገና አልሸሸም፣ ያዙት፣ ሰፉት። ስድስት ሳምንት እንደ ታሰርኩ እቆያለሁ፣ ከዚያ ስድስት ወር ከላስቲክ ገመድ ጋር ትግል ነው። እስከ ትከሻዬ ቁመት እንደሚነሣ ተስፋ አላቸው፣ ከዚያ በላይ ያለውን ቃል አይገቡም። የሰሌዳው የላይኛው ግማሽ ምናልባት የለም። ርዕሰ መምህሩ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ጠየቀኝ፤ ለካ በመስኮት ያየኝ የነበረው ከእኔ በፊት አጎንብሶ የሚጽፍ ሌላ መምህር አይቶ ስለነበር ነው፤ የዚያም ሰው ሕመም ትከሻው ነበር። ዝቅ ብሎ የሚሰቀል ሰሌዳ አሠርቶልኛል። ያን ሁሉ ጊዜ በከንቱ ነው የጠረጠርኩት። መጠርጠር የነበረብኝን ሰው አምኜ፣ የማይጠረጠረውን ስጠረጥር ከረምኩ።

ብረቱን ጎረቤቴ ከበሩ መቃን ነቅላልኛለች። አሁንም በለመድኩት ሰዓት፣ ዐሥራ አንድ ላይ፣ እነቃለሁ። እጄ እንደታሰረ በሩ ድረስ ሄጄ ቆሜ እመለሳለሁ። ስለዚህ ሁሉንም በአንተ ላይ አልጭንም። በቀን ሁለት መቶ ጊዜ እጄን ብረት ላይ ያኖርኩት እኔ ነኝ። አንተ ቁጥር ባትጽፍልኝ ሌላ ሰበብ አላጣም ነበር ይሆናል። ይሆናል ነው ያልኩት፣ ደስ አይበልህ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት፣ ውሸት ፍለጋ። ለእኔ ብለህ፣ ጠዋት ከአልጋ እንድነሣ ብለህ እንደጻፍክ የምትለውን አላመንኩም። ትንሽ እውነት አለው፣ አሳምረኸዋል። እንድበልጥህ ስላልፈለግህ ያልከውን ግን አምኜሃለሁ፣ ምክንያቱም ያሳፍራል። እሱን አንብቤ ነው ያለቀስኩት። እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር ብዬ አለቀስኩ።

ይቅር ብዬሃለሁ አልልህም። በጣም ተናድጄብሃለሁ፣ አንዳንዴ ምግብ እየበላሁ ሁሉ ንዴቱ ይመጣብኛል። ደግሞም ቀኜ ከጡቴ በላይ አይነሣም ስትለኝ፣ ይህስ እውነት ይሆን ብዬ ነው የጠረጠርኩት። እስከዚህ አድርሰኸኛል። በወረቀት የምትጽፍልኝን ነገር ከእንግዲህ ማመን አልችልም፤ ጥሩውንም ክፉውንም። እጅህ የት ድረስ እንደሚነሣ በዓይኔ ማየት አለብኝ።

አልጋው ሰፊ ነው፣ ለአንተና ለሙሽሪት ይበቃችኋል፣ እኔ ሶፋው ላይ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው። መቼ እንደምትመጣ ግን እንዳትጽፍልኝ። ብትጽፍልኝ አላምንህም፣ ስጠብቅም እበሳጫለሁ። ዝም ብለህ ና።

እህትህ